«መጋዘን ጠባቂ» ለተባለችው ተመራቂ

እህቴ፣ ከደሴ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። አምስተኛ ዓመት ፋርማሲ ነሽ። አባትሽ ኮምቦልቻ ያላቸውን ቦታ ሸጠው መድኃኒት ቤት ሊከፍቱልሽ አስበዋል። አንቺ ልብሽ ወደ መድኃኒት አቅርቦት ሥራ ቢያደላም «አምስት ዓመት ተምረሽ መጋዘን ጠባቂ?» መባሉ ከብዶሻል። ማስተርስ ልቀጥል ወይ፣ እንግሊዝኛዬስ ይበቃል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

እኔንም ያንገበገበኝ ይኸው ቃል ነው። አብዛኛው መድኃኒትና ጥሬ ዕቃው ከሕንድና ከቻይና ይመጣል። ጨረታው፣ የውጭ ምንዛሪው፣ የጅቡቲ ወደብ፣ መኪናው ወራት ይበላል። ምን ያህል ይገዛ የሚለው ስሌት ግን ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ በሚሞላው አርአርኤፍ፣ ማለትም የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ላይም ይመረኮዛል። እዚያ የገባ ስሕተት ወደቡ ድረስ ይሄዳል።

አንድ ስሌት ላሳይሽ። በሁለት ወሩ መነሻ 300 ስትሪፕ አሞክሳሲሊን ነበረ፣ 500 ገባ፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ሆነ። ፍጆታው 800 ነው፤ ጤና ጣቢያው የሚይዘው ጣሪያ የአራት ወር ክምችት ስለሆነ በሁለት ይባዛና 1600 ይጠየቃል። የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ በየቀኑ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ገልጠሽ ስታዪው ግን መድኃኒቱ ያለቀው በ30ኛው ቀን ነው። 800 የአንድ ወር ፍጆታ ነበር ማለት ነው። የሁለት ወሩ 1600፣ የሚጠየቀው 3200። መድኃኒት ያጣው ጤና ጣቢያ በግማሽ ጠየቀ፤ ስለዚህ በሚቀጥለውም ዙር ያጣል። ሳንባ ምች የያዘው ልጅ እናት «ከውጭ ግዢ» ተብላ ወረቀት ይዛ ትወጣለች። ይህን ስሕተት የሚይዝ ሰው ጠባቂ አይባልም!

አባትሽን በአክብሮት፣ ግን ሳትሸሺ ንገሪያቸው፦ ቦታው አንዴ ከተሸጠ አይመለስም። አዲስ መድኃኒት ቤት በዘመድ ዱቤና መደርደሪያ ላይ ጊዜው በሚያልፍበት ዕቃ ሊከስር ይችላል። ግዢና ክምችት ሳትለማመጂ የእሳቸውን ጥሪት መለማመጃ አታድርጊው። የመንግሥት ደመወዝ አነስተኛ መሆኑን አልክድም፤ ለጥቂት ዓመት ቤተሰብ ዘንድ ብታድሪ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ማስተርሱ ይቆይ። እንግሊዝኛሽን ሪፖርት በመጻፍ ታሻሽዪዋለሽ።

አሁን በተግባር ልምምድሽ መጋዘን እንዲመድቡሽ ጠይቂ። የአሥር መድኃኒቶችን ቢን ካርድ መደርደሪያው ላይ ካለው ቆጠራ ጋር አስተያዪ፤ ልዩነቱን፣ ያለቀባቸውን ቀናትና ምክንያቱን በአንድ ገጽ ጻፊ። ለጤና ጣቢያው የሚገባው የጤና መድህን ክፍያ ዘግይቶ መግዣ ብር ጠፍቶ ከሆነም እሱን ለይተሽ መዝግቢ፤ የዚህ መፍትሔው ከቅጹ ውጭ ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ያንን ገጽ ይዘሽ ግቢ።