የላንድክሩዘሬን ጭስ በገንዘብ ላካክሰው?

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ፤ የእህል ንግድ አለኝ። ላንድክሩዘሬ ናፍጣ ነው፣ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በየሳምንቱ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ፤ እናቴ መሐል ሜዳ ስላሉ እሳቸውንም እየሄድኩ እጠይቃለሁ። ሲደመር በዓመት 21,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውጭ አገር የምትማረው ልጄ «አባዬ፣ ቢያንስ የካርቦን ማካካሻ ግዛ» ብላ አንድ ድርጅት ጠቁማኛለች። ክፍያው በቶን ነው፤ እነሱ ዛፍ ይተክላሉ ወይም ምድጃ ያድላሉ፤ ከዚያ መኪናዬ «ከካርቦን ነጻ» ይባላል። ገንዘቡ አይከብደኝም። ግን እውነት ነው ወይ? ለደብራችን 200 ችግኝ ተክያለሁ፤ እሱስ አይቆጠርልኝም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሒሳቡ ልጀምር። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ሊትሩ ራሱ አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም፤ ጭሱ እንዴት ከነዳጁ ይከብዳል ብለው የሚሞግቱኝ ብዙ ናቸው። በናፍጣው ውስጥ ያለው ካርቦን ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ይዞ ነው የሚወጣው፤ ክብደቱ የሚጨምረው ለዚህ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 260። በእርስዎ መኪና 37 ሊትር ይፈጃል፤ ጭሱ 100 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኩንታል ማለት ነው። የእህል ነጋዴ ነዎትና ኩንታል ምን እንደሚያክል አልነግርዎትም፤ በሄዱ ቁጥር ከጫጫ እስከ ሰንዳፋ ባለው አገር ላይ አንድ ኩንታል በትነው ይመለሳሉ። የዓመቱ 3,000 ሊትር ነው፤ ጭሱ 80 ኩንታል፣ ማለትም 8 ቶን።

ድርጅቱ የሚሸጥልዎ እንግዲህ 8 ክሬዲት ነው። አንድ ክሬዲት ሌላ ቦታ ሳይወጣ የቀረ ወይም ዛፍ ስቦ ያስቀረው አንድ ቶን ነው ይባላል። የኔ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። የእርስዎ ናፍጣ ነዶ አልቋል። የዛፉ ቶን ግን ገና ሊያድግ፣ ከዚያም ሳይቆረጥ ሊቆይ የሚገባው ነው።

በባሶና ወራና ችግኝ ጣቢያ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ክረምት ተዳፋት ላይ ጽድና ኮሶ ተከልን፤ ሪፖርቱ የተላከው በተከልንበት ቀን ቆጠራ ነው። በሦስተኛው ዓመት ተመልሼ ስቆጥር ከአሥሩ ሦስቱ ብቻ ቆመዋል። ሌላውን የኅዳር ውርጭ አቃጥሎታል፣ በግ ግጦታል፣ አንዳንዱም ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ተተክሎ በበጋው ደርቋል። ያ ሪፖርት ፊርማዬ አለበት፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ «ይህን ያህል ችግኝ ተክለናል» የሚል ሻጭ ሲመጣ የምጠይቀው ስንቱ እንደተተከለ ሳይሆን በአምስተኛው ዓመት ስንቱ እንደቆመና ማን እንደቆጠረው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ደረቅ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። የእርስዎን 80 ኩንታል ጭስ ለመያዝ በየዓመቱ 44 ኩንታል ያህል ደረቅ እንጨት አዲስ ማደግ አለበት፤ አድጎም መንደድ የለበትም። የኛ አገር ባሕር ዛፍ ደግሞ የሚተከለው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ነው። ጥሩ ነው፣ ገበሬው ኩበቱን ከማንደድ ይልቅ ለማሳው እንዲያተርፍ ያግዘዋል። ግን ምድጃ የገባው ባሕር ዛፍ የያዘውን ካርቦን መልሶ ይለቀዋል።

የደብሩን 200 ችግኝ በተመለከተ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በደብር ግቢ የቆመ ጽድ ሌላ ቦታ ከቆመው ይልቅ ዕድሜ ያገኛል፤ ውኃ ያጠጡት፣ ያጥሩት። ከመኪናው ጋር ግን አያጣፉት። መኪናው ባይኖርዎትም ይተክሉት ነበር፤ ስለዚህ ለመኪናው ሲባል የተጨመረ ነገር የለም። ማካካሻ ሲገዙም ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ያለኔ ገንዘብ ይሄ ነገር ይሆን ነበር ወይ? መንዝ ያለውን የጓሳን የሣር ምድር ያስቡ። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ፣ ማለትም ሕዝቡ ራሱ አጠቃቀሙን በሚወስንበት ነባር ሥርዓት፣ ሣሩን ሲጠብቅ ኖሯል። አንድ ሰው መጥቶ «የጓሳን ሣር አስጠብቃለሁ፣ ቶን ግዙኝ» ቢል፣ ምን ጨመርክ ብዬ ነው የምጠይቀው። በአንጻሩ ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ የተራቆተ ተራራ ነበር። ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ጉቶው እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ከከብትና ከመጥረቢያ ጠበቁት። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ ስፋቱ 2,728 ሄክታር ነው። እንዲህ ያለውን፣ ቦታው የሚታየውንና ባለቤቶቹ የሚታወቁትን፣ አከብራለሁ።

ስለ ምድጃውም ልንገርዎ። የተሻሻለ ምጣድ ማገዶ ይቆጥባል፣ የእናቶችን ዓይን ከጭስ ያሳርፋል፤ በዚህ ጥርጥር የለኝም። ቁጠራው ግን ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች ከምድጃ የሚሸጡ ክሬዲቶችን መርምረው፣ የተሸጠው ቶን ከተቆጠበው በአማካይ ዘጠኝ እጥፍ ያህል በልጦ አግኝተውታል። ለእናትዎና ለጎረቤቶቻቸው ምድጃ ያስገቡላቸው፤ ስጦታ ይሁን እንጂ የናፍጣ ማካካሻ አይበሉት።

እኔ ብሆን ከሊትሩ እጀምራለሁ። የአዲስ አበባው ጉዞ በዓመት 50 ኩንታል ይወስዳል፣ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ነው። ዕቃ በማይጭኑበት ሳምንት ላምበረት በሚያወርድዎ አውቶቡስ ይሂዱ፤ እሱ እርስዎ ቢሳፈሩም ባይሳፈሩም መሄዱ አይቀርም። ግማሹን ጉዞ ቢለውጡ 25 ኩንታል ያህል ቀረ፤ ይህን ማንም መጥቶ መመርመር አይጠበቅበትም፣ የነዳጅ ደረሰኝዎ ይናገራል። ባዶውን ፖርቶመጋላ ያውርዱት። ጎሚስታ ጋር ሲደርሱ የጎማ ንፋስ ያስለኩ፤ ሜዳው ላይ አይክነፉ፤ ሰው ሲጠብቁ ሞተሩን ያጥፉ። ከጣርማበር ወደ መንዝ የሚገነጠለውን የእናትዎን መንገድ ግን አንድ ቀን እንኳን አይቀንሱብኝ። መኪናውን የሚቀይሩበት ጊዜ ሲመጣ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚያነድ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ስለተከለከለ የኤሌክትሪኩን ማሰብዎ አይቀርም። የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውኃ ስለሆነ ያኔ ልዩነቱ ትልቅ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የቀረውን መግዛት ከፈለጉ አልከለክልዎትም። ድርጅቱ ክሬዲቱ በየትኛው መዝገብ እንዳለ ይንገርዎ፣ ቬራ ወይም ጎልድ ስታንዳርድ ሊሆን ይችላል፤ ተራ ቁጥሩንም ይስጥዎ። በስምዎ ከገበያ መውጣቱን መዝገቡ ላይ ያሳዩዎት፤ ያ ካልሆነ ያንኑ ቶን ነገ ለሌላ ይሸጡታል። ከሚከፍሉት ውስጥ መሬቱ ላይ ላለው ገበሬ ስንት እንደሚደርስ ይጠይቁ። መልስ ካጡ ገንዘብዎን ይያዙ። መኪናዎ ላይ «ከካርቦን ነጻ» የሚል ነገር አይለጥፉ፤ ናፍጣ እስከነደደ ድረስ ነጻ አይደለም፤ ልጅዎም ይህን ከእርስዎ አፍ ብትሰማው ይሻላል።

የነዳጅ ደረሰኝዎን ከዛሬ ጀምሮ እየጻፉ ያቆዩ። ስድስት ወር ሲሞላ ሊትሩንና ድርጅቱ የሰጠዎትን ተራ ቁጥር ይላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።