ተፈናቃይ ልጆችን ለምታስተምሩ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

የዚህ ሳምንት ጠያቂዎች በሰንበት ትምህርት ቤትና በመስጊድ ተሰባስበው ከወለጋና ከመተከል ተፈናቅለው ጎጃም የገቡ ልጆችን በነፃ የሚያስጠኑ ወጣቶች ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

«ከወለጋ የመጡት ልጆች አራተኛ ክፍል ደርሰናል ይላሉ። አማርኛ ይናገራሉ፤ ፊደል ግን አይለዩም። ከሀ ሁ ስንጀምርላቸው ቅር ይላቸዋል።» (ከቡሬ)

ቢከፋቸው አይፈረድባቸውም። ማንበብ ያውቃሉ፤ የተማሩት በቁቤ (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ነው። ድምፅን ከምልክት ማገናኘት ዋናው ዳገት ነው፤ እሱን ወጥተውታል። ስለዚህ እንደ ጀማሪ አትያዟቸው። መጀመሪያ የሚያውቁትን ቃል በቁቤ ያስፍሩ፤ እናንተ ከሥሩ በፊደል ጻፉ። «ቡና» በቁቤ አራት ሆሄ፣ በፊደል ሁለት ነው። ልጁ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው፤ አናባቢውን ለብቻው ቆሞ ይፈልገዋል። ካዕቡ ቅጥያውን ከቀኝ ጎኑ መሐል (ቡ፣ ሉ፣ ሱ)፣ ሣልሱ ከቀኝ እግሩ ሥር (ቢ፣ ሊ፣ ሲ) እንደሚያወጣ አሳዩት። ሳድስና ሳብዕ መልካቸው ከፊደል ፊደል ስለሚለያይ ለመጨረሻ ይቆዩ። በቀን ከሁለት ቤት በላይ አትጫኑበት።

ከሀ እስከ ፐ በዜማ የሚያወርድ ልጅ ጣታችሁን ከመሐል ስታሳርፉ ዝም ካለ፣ ሸምድዷል እንጂ አላነበበም። የኔታዎች ለዚህ ጥንት መላ አበጅተውለታል፦ አቡጊዳ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ የለመደውን ቅደም ተከተል ስለሚሰብርበት በዓይኑ ከመለየት ሌላ አማራጭ የለውም። ሁለቱንም ገበታ ጎን ለጎን ስቀሉ።

ደግሞ በቁቤ ኤክስ «ጥ»፣ ሲ «ጭ» ናት። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ቦክስን «ቦጥ» ብሎ ቢያነብ አትሳቁበት፤ በተማረው ሕግ ልክ ነው። ቁቤውንም አታስጥሉት።

«የክፍል ካርድ የሌላቸውን መደበኛ ትምህርት ቤት እንዴት እናስገባ?» (ከቻግኒ)

ዋናው ሥራችሁ ይህ ነው። የእናንተ ጥናት የቱንም ያህል ቢያምር ለስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አያስቀምጥም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት (የአፍሪካ ኅብረት የአገር ውስጥ ተፈናቃዮች ስምምነት) በአንቀጽ 13 መንግሥት በመፈናቀል የጠፋ ሰነድ ያለ አግባብ ሳያንገላታ እንዲተካ ያዛል፤ ለርእሰ መምህሩ ይህን ማንሳት አይጎዳም። የበለጠ የሚረዳው ግን መዝገባችሁ ነው። የልጁን ስም እስከ አያት፣ የልደት ዘመኑን፣ መጨረሻ የተማረበትን ትምህርት ቤትና ወረዳ፣ ክፍሉን፣ የተማረበትን ቋንቋ፣ አሁን ያለበትን አሳዳጊ ጻፉ። ያንንና የቀበሌ ደብዳቤ ይዛችሁ የምደባ ፈተና ይሰጠው በሉ። ካልጠየቃችሁ ካርድ የለውም ተብሎ አንደኛ ክፍል ይጣላል፤ የ12 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ7 ዓመት ሕፃናት ጋር ተቀምጦ ብዙ አይቆይም።

አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይደርሳል፦ አጎት ልጁን በራሱ ስም ያስመዘግበዋል። ዓመታት ቆይቶ የፈተና ወረቀቱና የልደት ምስክር ወረቀቱ አይገናኙም። የአባት ስም በአባት ቦታ፣ አሳዳጊው በአሳዳጊ ቦታ ይግባ። ኃይሌም ይሁን ሀይሌ፣ አጻጻፉ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁን።

«በጸሎትና በመዝሙር ስለምንከፍት ይሆን ሙስሊም ልጆች የቀሩት?» (ከደብረ ማርቆስ)

አዎ፣ ሳይሆን አይቀርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነፃ ይሁን ይላል። ሂሳቡንና ንባቡን አንድ ቀን፣ መዝሙሩን ሌላ ቀን አድርጉት። ደብተርም ዳቦም የሚታደለው በሂሳቡ ቀን ይሁን፤ ያለዚያ ልጁ ለዳቦ ሲል ይዘምራል። ከደጀ ሰላሙ ይልቅ የቀበሌ አዳራሽ ከተገኘ ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ ወተት ያለበት ነገር ከማቅረብ ቆሎ ወይም ንፍሮ አብቃቁ፤ ሁሉም ይበላዋል።

«ደካማ ልጅ ለብቻው ቤት ወስደን ብናስጠና?»

አይሆንም። እዚያው፣ በሩ ተከፍቶ፣ ሌላ አዋቂ እያየ።

«ሰሌዳችን ነጣ። የባትሪ ድንጋይ ከቅጠል ጋር ወቅጠን እንቀባው?» (ከፍኖተ ሰላም)

የቆየ ልማድ ነው፤ ግን ተዉት። በድንጋዩ ውስጥ ያለው የማንጋኒዝ ብናኝ ሲተነፍሱት ይጎዳል፤ የሚወቅጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው። የሰሌዳ ቀለም ግዙ። አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋችሁ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ፣ ሲደርቅ ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ጠመኔ አጋድማችሁ ሰሌዳውን በሙሉ አልብሱትና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ይህን ከዘለላችሁ መጀመሪያ የጻፋችሁት ጽሑፍ ጥላ ሆኖ ይቀራል፤ ብትፈትጉትም አይለቅም።