ከሳቃችሁ በኋላ ጠይቁ

ለጅማ ልጆች፣ በተለይም በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ላላችሁ፤

ዕድሜዬን በላቦራቶሪ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ደም፣ ሰገራና አክታ ስመረምር ነው ያረጀሁት። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከእናንተ ጋር ቁጭ ብዬ ቡና የምጠጣበት ጊዜ አግኝቻለሁ። ስትጫወቱ እሰማለሁ። አንዱ ስልኩ ላይ የመጣ የሳይንስ ዜና ጮክ ብሎ ያነባል። ገና አንብቦ ሳይጨርስ ሌላው ፉገራውን ይለቃል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ሳቃችሁን እወደዋለሁ። የሰማውን ሁሉ ከሚውጥ ወጣት ነቄ የሆነው ይሻለኛል። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር" የተባለው በከንቱ አይደለም። የሚያሳስበኝ ከሳቁ በኋላ የሚሆነው ነው። ወሬው ወዲያው ወደ ኳስ ይዞራል። ዜናው እውነት ይሁን ውሸት ያጣራ የለም። ግን ሁሉም ያወቀ መስሎት ይነሳል። በዜና ላይ ሙድ የሚይዝ ሰው ብልህ ይመስላል፤ ሳያጣራ የሚያምነውም ሳያጣራ የሚያሾፈውም ግን እኩል አላወቁም።

አንድ ቀን "ቡና ካንሰር ያመጣል" የሚል አሮጌ ዜና እንደ አዲስ ተነበበ። አንዱ ቀበል አድርጎ "እንደሱ ቢሆን ጅማ ድሮ አልቃ ነበር!" አለ። ጥሩ ቀልድ ነው። ውስጡም ማስረጃ የሚመስል ነገር አለበት፤ እዚህ ቡና የሚጠጣው ሕዝብ ብዙ ነው፣ የሚጠጣውም ከጥንት ጀምሮ ነው። ግን አያቶቻችን በምን እንደሞቱ ማን መዘገበ? ማን ከማይጠጡት ጋር አወዳደራቸው? ጥያቄው እዚህ ላይ መጀመር ነበረበት፤ እኛ ግን ስቀን ዘጋነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1991 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቡና የሽንት ፊኛ ካንሰር "ሊያመጣ ይችል ይሆናል" ብሎ መደበው። ማስረጃው ደካማ ነበር። ቡና ጠጪው ሲጋራም የሚያጨስ ከሆነ የአንዱን ጥፋት ከሌላው መለየት ይከብዳል። በ2016 ኤጀንሲው ከ1,000 በላይ ጥናቶችን አይቶ ቡናን ከዚያ ምድብ አወጣው። የእናንተ ቀልድ በዚህ በኩል ልክ ነበር። ግን ያው ስብሰባ ሌላም ነገር ተናግሯል፤ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ በጣም ትኩስ መጠጥ፣ ቡናም ይሁን ሻይ ወይም ተራ ውሃ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር የማምጣት ዕድል አለው ብሏል። ይህን ያነበበልኝ የለም። ከጀበናው የወረደውን አቦል እንደ እሳት ፉት የሚሉ ዘመዶች አሉን። ለእነሱ የሚጠቅመው ወሬ በሳቁ ተዋጠ። እባካችሁ ስኒው ትንሽ በረድ እንዲል ንገሯቸው።

በ2015 ይኸው ኤጀንሲ እንደ ቋሊማ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ከትምባሆ ጋር በአንድ ምድብ አስቀመጠ። "እንግዲህ ቋሊማና ሲጋራ እኩል ናቸው" ተብሎ ተሳቀ። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ እንጂ አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም። በቀን 50 ግራም የሚበላ ሰው የትልቁ አንጀት ካንሰር ዕድሉ በ18 በመቶ ይጨምራል ተባለ። ከምን ተነስቶ? ከ100 ሰው 5ቱ ይታመሙ ከነበረ ወደ 6 ተጠጋ ማለት ነው። "በመቶ" የሚል ዜና ስትሰሙ "ከስንት ተነስቶ?" በሉ። ይህን አንድ ጥያቄ ብቻ ብትለምዱ ከዜናው ግማሹ ይጠራላችኋል።

ከሙያዬ አንድ ነገር ላሳያችሁ። የወባ ስላይድ በጊምሳ ቀለም ተነክሮ ከደረቀ በኋላ ዘይት ጠብ ተደርጎበት በማይክሮስኮፕ ይታያል። የምንፈልገው ትንሽ ሰማያዊ ቀለበትና አጠገቡ ያለ ቀይ ነጥብ ነው። የቀለም ዝቃጭም እሱን ይመስላል። ደም የሚያረጋው ፕሌትሌትም ይመስላል። አቧራም አንዳንዴ ይሸውዳል። የወባ ተውሳክ (ፓራሳይት) ያለ መስሎህ ስትደነግጥ ብሎኗን ትንሽ ዞር አድርገህ ጥራቱን ታስተካክላለህ፤ ነጥቧ ትጠፋለች ወይም ትጠራለች። "ኔጋቲቭ" ብለህ ለመጻፍ ደግሞ ቢያንስ 100 ፊልድ፣ ማለትም በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታየውን ክብ ቦታ 100 ጊዜ እየቀያየርክ ማየት አለብህ። ተማሪዎቼ ሃያ ሠላሳ አይተው "የለም" ሊሉኝ ሲሞክሩ እመልሳቸው ነበር። "አላየሁም" ማለት ይቻላል፤ "የለም" ለማለት ግን ሥራው ማለቅ አለበት። በዜና ላይ የምትወረውሩትን "ውሸት ነው!" የምለካው በዚህ ነው። ስንት ፊልድ አይታችሁ ነው?

ወባን ካነሳሁ አይቀር፣ አንዳንድ የወባ ፓራሳይቶች ከፈጣን መመርመሪያው እየተሰወሩ ነው የሚለው ዜና ሲሰማ "ወባም ነቄ ሆነች" ተብሎ ተሳቀ። አንዱ "ኪት ለመሸጥ ነው" አለ። ዜናው እውነት ነው። ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ኤችአርፒቱ የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን ያጡ ፓራሳይቶች አሉ። በኤርትራ በብዛት ታይተዋል፤ በእኛም አገር ተገኝተዋል። ጂኑ ያለው ፓራሳይት በምርመራ ይያዛል፣ ሰውየውም ይታከማል። የሌለው ሳይታወቅ ይቀራል፣ ትንኟም ወደ ሌላ ሰው ታሻግረዋለች። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ኪት ብቻ መታመን የተሰወረውን ያበዛል። "ነቄ ሆነች" ያለው ልጅ ሳያውቀው ወደ ነገሩ ሥር ተጠግቶ ነበር። "እንዴት ነቃች?" ቢል ኖሮ ዝግመተ ለውጥን እዚያው ስኒው ላይ ይማር ነበር።

አሁን ቴራኖስ ስለሚባል የደም ምርመራ ኩባንያ ልንገራችሁ፤ ይህ ታሪክ እንደ ላቦራቶሪ ሰው ያንገበግበኛል። ኤልዛቤት ሆምስ የምትባል አሜሪካዊት በ2003 ኩባንያውን አቋቋመች። ከጣት በተወጋ ጥቂት ጠብታ ደም ብዙ ዓይነት ምርመራ እንሠራለን አለች። የኩባንያው ግምት 9 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ቦርዱ ላይ የቀድሞዎቹ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሄንሪ ኪሲንጀርና ጆርጅ ሹልትዝ ተቀመጡ። እነዚህ ሰዎች ብዙ ያውቃሉ፤ የደም ናሙና ግን አያውቁም። የእኛ ሙያ ጀማሪ ተማሪ እንኳ የሚጠይቀው ጥያቄ ነበር። ጣት ሲጨመቅ ደሙ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል። የደም ሴሎች ይፈነዳሉ፤ ያኔ ፖታሲየሙ ያለ አግባብ ከፍ ብሎ ይነበባል። ታዲያ ከደም ሥር ከተቀዳው ጋር ጎን ለጎን ለክታችኋል ወይ? ውጤቱን አሳዩን።

ይህን ከውስጥ ሆነው የጠየቁት ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ ኤሪካ ቹንግና ታይለር ሹልትዝ። የጥራት ቁጥጥሩ ሲወድቅ በዓይናቸው አዩ። ታይለር የጆርጅ ሹልትዝ የልጅ ልጅ ነው። አያቱ ከኩባንያው ጎን ቆመው ሳለ እሱ ያየውን ከመናገር አልተመለሰም። በእኛ ባህል ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። በ2015 ዋል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ ጉዳዩን አወጣው። በ2018 ኩባንያው ፈረሰ፣ በ2022 ሆምስ ባለሀብቶችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች። የጣላት አንድ ሰው የወረወረው ፉገራ አልነበረም። መዝገብ ላይ የነበረ ቁጥር ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሳቅ እውነትን ያዘገያል። የጨጓራ ቁስለት በባክቴሪያ ይመጣል ያሉትን የአውስትራሊያ ሐኪሞች ብዙዎች አልተቀበሏቸውም ነበር። ባሪ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል የተሸለሙት በ2005 ነው።

የእኛው ሰው አክሊሉ ለማ ደግሞ የበለጠ ሊያኮራችሁ ይገባል። በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ ሲያይ፣ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አገኘ። ብልሃርዝያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። "አጋጣሚ ነው" ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እሱ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ይዞ የእንዶዱን አረፋ ጨመረባቸው። ሞቱ። ከዚያ በኋላ ዓመታት የፈጀ ምርምር መጣ። አስቸጋሪው ነገር የውጭ ተቋማትን ማሳመን ነበር፤ አፍሪካ ውስጥ በአፍሪካዊ የተሠራ ጥናት በቀላሉ አይታመንም ነበር። በ1989 ከባልደረባው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ስለዚህ "ሐበሻ ፈለሰፈ" የሚል ዜና ሲመጣ ገና ስሙን ሰምታችሁ አትሳቁ። ስሙን ሰምታችሁም አታጨብጭቡ። "እንዴት ፈተነው?" በሉ።

በመጨረሻ፣ አሁን ስለምትቀልዱበት ስለ ወባ ክትባት። የመጀመሪያውን፣ አርቲኤስኤስ የሚባለውን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ደገፈው። ሁለተኛው አር 21 በ2023 ተከተለ። የመጀመሪያው በትልቁ ሙከራ አራቱን ዙር በወሰዱ ሕፃናት ላይ የወባ ሕመምን በ36 በመቶ ቀነሰ። "36? ፈተና ቢሆን ወድቆ ነበር!" አላችሁ። አዎ፣ ከፍተኛ ቁጥር አይደለም። ግን ወባ በበዛበት አካባቢ አንድ ልጅ ደጋግሞ ይታመማል። በዚያ ሙከራ በአራት ዓመት ገደማ ለ1,000 የተከተቡ ልጆች ከ1,700 በላይ የወባ ሕመም ቀርቷል። እነዚህን ልጆች ተሸክመው የሚመጡ እናቶችን ላቦራቶሪ በር ላይ ሳይ ለኖርኩ ሰው ይህ ቁጥር ትልቅ ነው።

እስካሁን ከእናንተ ያልሰማሁት ጥያቄ ሌላ ነው። ጅማ ላይ ሁለት ዓይነት ወባ አለ፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ክትባቶቹ የተሠሩት ለፋልሲፓረም ነው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ እንደገና ይነሳል፣ ክትባቱም አይነካውም። ታዲያ አንድ ልጅ ተከትቦ ሳለ ቢያተኩሰው፣ እናቱ "ተከትቧል እኮ" ብላ ምርመራውን ብትተወውስ? ይህን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ጠይቁ። መልሱን ለሰፈራችሁ እናቶች አድርሱ፤ ያተኮሰው ልጅ ቢከተብም ይመርመር፣ አጎበሩም አይውረድ።