ካርዱ ነገን አያውቅም፤ ፍርሃቴን ግን ያስወራኛል፦ ስለ ታሮት ጥያቄና መልስ

«ስለ ታሮት ካርድና ስለ ፍርሃት የሚከነክናችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ታሮት ብዙዎች ዕጣ ፈንታ ለማንበብ የሚዘረጉት ባለ ሥዕል ካርድ ነው። የጥያቄውን ብዛት ሳይ ትንሽ ደነገጥኩ። ሁሉንም አልመለስኩም። «መቼ ነው የማገባው?» የሚሉትን ዘልያቸዋለሁ፤ ጠንቋይ አይደለሁም። ካርድ ዘርግቼ ከራሴ ፍርሃት ጋር መነጋገር ከጀመርኩ ግን ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። የማውቀው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ቁርጡን ንገሪን። ካርዱ ነገ የሚሆነውን ያውቃል ወይስ አያውቅም?

መልስ፦ አያውቅም። ወረቀት ነው። ታሮት ሲጀመር መጫወቻ ካርታ ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ጣልያን መኳንንቱ ይጫወቱበት ነበር፤ የሚላን ገዢዎች በወርቅ ያስጌጧቸው ካርዶች ዛሬም በሙዚየም አሉ። ለጥንቆላ በሰፊው የዋለው ከ300 ዓመት በኋላ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1781 ኩር ደ ዤብላን የሚባል ጸሐፊ «ይህ ከጥንት ግብፆች የተረፈ የምስጢር መጽሐፍ ነው» ብሎ አሳተመ። የጥንቱን የግብፅ ጽሑፍ ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖሊዮን የፈታው ግን በ1822 ነው። ሰውዬው በዘመኑ ማንም ማንበብ በማይችለው ቋንቋ ነው ምስክር የጠራው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ካላወቀ ታዲያ ምን ይሠራል? የመጽሔት ፎቶ አይበቃኝም ነበር?

መልስ፦ ይበቃሽ ነበር። የምሬን ነው። ካርዱ የሚመቸው 78 ሥዕል በአንድ ላይ ስለሚገኝበትና የሰው ልጅ የሚፈራው ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ስላለ ነው፦ መውደቅ፣ መክሰር፣ መከዳት፣ መታሰር፣ ብቻ መቅረት፣ መሞት።

ፍርሃት መልክ የለውም። ሆድ ውስጥ የሚላወስ ነገር ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሉሽ «ምንም» ትያለሽ። ውሸታም ስለሆንሽ አይደለም፤ ስም አጥተሽለት ነው። ሥዕል ፊትሽ ሲቀመጥ ግን ስለ ሥዕሉ ማውራት አያቅትሽም። ለምሳሌ ስምንት ሰይፍ የሚባለውን ካርድ እንውሰድ። አንዲት ሴት ዓይኗ ተሸፍኖ፣ እጇ ታስሮ በሰይፎች መሐል ቆማለች። አንዷ አይታ «ማን እንዳሰራት ታውቃለች፤ መናገር ፈርታ ነው» አለችኝ። ካርዱ ላይ አሳሪ የሚባል ሰው የለም። ከየት አመጣችው? ከራሷ ቤት። ሮርሻክ የሚባለው የስዊስ ሐኪም በ1921 ያሳተመው፣ ሰው በቀለም ጠብታ ውስጥ የሚያየውን እንዲናገር የሚጠየቅበት ምርመራ፣ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ቢከራከሩበትም፣ የዚሁ ነገር ዘመድ ነው።

ስም መስጠት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የፈራ ወይም የተቆጣ ፊት በፎቶ እያዩ ስሜቱን በቃል እንዲሰይሙ ተደረገ። ሲሰይሙት፣ አደጋ ሲመጣ የሚነቃው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ረገብ አለ። ጥናቱ ስለ ታሮት አይደለም፤ ስለ ታሮት ነው የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል ለምን እንደሚሠራ ትንሽ ያሳያል።

ጥያቄ፦ አንቺ በተግባር እንዴት ነው የምታደርጊው? ከመበወዙ ጀምረሽ አስረጂን።

መልስ፦ ከመበወዙም በፊት ይጀምራል። መጀመሪያ የምፈራውን በአንድ መስመር እጽፋለሁ። «ሥራ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። «አለቃዬ ስብሰባ ላይ ስሜን ሲጠራ አፌ ይደርቃል» ዓይነት መሆን አለበት። ቀጥሎ ጥያቄውን አስተካክላለሁ። «ያባርሩኝ ይሆን?» ብዬ አልጠይቅም፤ ወረቀት ለዚህ መልስ የለውም። «እዚህ ጉዳይ ላይ ላየው ያልፈለግኩት ምንድን ነው?» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ሥራ እዚህ ጋ ያልቃል። ጥያቄዬ ሲስተካከል ካርዱን ሳላወጣው የተነሣሁባቸው ቀናት አሉ።

ከዚያ እበውዝና ሦስት ካርድ አወጣለሁ። በመጀመሪያው «የምፈራው ነገር ምን ይመስላል?» እላለሁ። በሁለተኛው «ፍርሃቱ ከምን ሊጠብቀኝ ነው የሚሞክረው?»። በሦስተኛው «ነገ የማደርጋት ትንሽ ነገር ምንድን ናት?»። ሁለተኛዋን ጥያቄ አትዝለሏት። ፍርሃት ጠላት ብቻ አይደለም። ዘበኛ ነው፤ ያውም ጥላ ባየ ቁጥር «ሌባ!» የሚል ዘበኛ። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል? ልጡን ከመስደባችን በፊት እባቡ የት እንደነበረ መጠየቅ ይሻላል።

የካርዱን ትርጉም ከመጽሐፍ አልፈልግም፤ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። የማየውን ብቻ እጽፋለሁ። ማን አለ? ወዴት ነው የሚያየው? ምን ይዟል? ከኋላው ምን አለ? ዓይኔ ቶሎ የሸሸው ከየትኛው ጥግ ነው? ስልኬ ላይ 15 ደቂቃ እሞላለሁ፤ ሲጮህ ባልጨርስም አቆማለሁ። ፍርሃት ሰዓት ካልተቆረጠለት ውሎ ያድራል። በመጨረሻ ያቺን የነገዋን ትንሽ ነገር እጽፋለሁ። እሷ ከሌለች ነገሩ ሥዕል አይቶ ማልቀስ ብቻ ይሆናል። ማልቀሱ አይከፋም፤ ስብሰባው ግን በማግስቱ እዚያው ይጠብቀኛል።

ጥያቄ፦ ከራስሽ ሕይወት አንድ ምሳሌ?

መልስ፦ እሺ። የእናቴን ዕረፍት የሰማሁት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በስልክ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሌሊት ስልክ ከጮኸ ልቤ ቀጥ ይላል። ድምፁን ካጠፋሁት «ቢደወልስ?» እያልኩ አልተኛም። ካላጠፋሁት ደግሞ «ይደወል ይሆን?» እያልኩ አልተኛም።

አንድ ምሽት ዘጠኝ ሰይፍ ወጣልኝ። አንድ ሰው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል። ከኋላው በጥቁሩ ላይ ዘጠኝ ሰይፍ አግድም ተደርድሯል። የተለመደው ትርጉም «ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት» ነው። ይህን ለማወቅ ካርድ አላስፈለገኝም! ደጋግሜ ሳየው ግን ሁለት ነገር አስተዋልኩ። አንዱም ሰይፍ ሰውዬውን አልወጋውም። ሁለተኛው የለበሰው ብርድ ልብስ ነው፤ ጽጌረዳ ያለበት፣ ሰው ተጨንቆ የሠራው የሚመስል። እናቴ ሌሊት ተነሥታ ብርድ ልብሴን የምታስተካክልልኝ ትዝ አለኝና ሆዴ ባባ። የምፈራው ስልኩን አልነበረም። «ሳልሰናበታት ሄደች» የሚለው ነበር የሚጮኸው። በማግስቱ ያደረግኳት ትንሽ ነገር ደብዳቤ መጻፍ ነበረች። ለእሷ።

ጥያቄ፦ ቀዶ ሕክምና ሊደረግልኝ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ሦስት ካርድ ባወጣ አንዱ «ሞት» ሆነ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል እሰማለሁ። ካርዱን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ካርዱ 78 ነው፤ አንተ ሦስት አወጣህ። ሞት ከሦስቱ አንዱ የመሆን ዕድሉ ከ26 አንድ ነው። ጤነኛም ታማሚም፣ ሊያገባም ሊፋታም ያለ ሰው፣ ሦስት ሦስት እያወጣ ቢውል በአማካይ በየ26 ጊዜው ሞትን ያገኘዋል። ካርዱ አንተ ሆስፒታል እንደምትገባ አልሰማም።

ብዙ ካርድ አንባቢዎች «አይዞህ፣ ሞት ማለት ለውጥ ማለት ነው» ብለው ያልፋሉ። እኔ ይህን ማባበያ አልወደውም። ቀዶ ሕክምና ፊቱ ያለ ሰው የፈራው ሞትን ነው፤ ለውጥን አይደለም። ይልቅ ሥዕሉን ተመልከተው። የጦር ልብስ የለበሰ አፅም በነጭ ፈረስ ይመጣል። ንጉሡ ከፈረሱ እግር ሥር ወድቋል። ጳጳሱ ቆሞ ይለምናል። ወጣቷ ተንበርክካ ፊቷን አዙራለች። ሕፃኑ ቀና ብሎ በቀጥታ ያየዋል። አራት ሰው፣ አራት ዓይነት አኳኋን። ዛሬ አንተ የትኛው ነህ? ፊትህን ያዞርክ ከሆንክ ሐኪሙን ያልጠየቅካቸው ጥያቄዎች ይኖራሉ። ወረቀት ላይ ጻፋቸውና ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጠይቀው። ቤተሰብህንም «ፈርቻለሁ» በላቸው። እነሱም ፈርተው ዝም ብለው ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ካርዱን ቁም ሣጥን ውስጥ ክተተው።

ጥያቄ፦ ካርድ ያነበበችልኝ ሴት ግን ማንም የማያውቀውን ነገር ነው የነገረችኝ! «ከውጭ ጠንካራ ትመስያለሽ፣ ውስጥሽ ግን ይጨነቃል» አለችኝ።

መልስ፦ ለእኔም ይሠራል። ለጎረቤትሽም። በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር በ1948 ለተማሪዎቹ የባሕርይ ፈተና ሰጣቸውና ለእያንዳንዳቸው «ውጤትህ ይኸው» አላቸው። «ምን ያህል አንተን ይገልጻል?» ሲላቸው በአማካይ ከ5 ነጥብ ከ4 በላይ ሰጡት። ሁሉም የተሰጣቸው ወረቀት አንድ ዓይነት ነበር። አንባቢዋ ውሸታም ናት እያልኩ አይደለም፤ ራሷም አምናበት ይሆናል።

ጥያቄ፦ መጥፎ ካርድ ሲወጣ ጥሩ እስኪመጣ ድረስ ደጋግሜ አወጣለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ከሁሉም ጥያቄ ይህኛው ነው ያሳሰበኝ።

በር ቆልፎ ወጥቶ፣ ተመልሶ የሚያይ ሰው ታውቃላችሁ። ሲያየው ለደቂቃ ይረጋጋል። ከዚያ «በደንብ አየሁት?» ይላል። ሦስተኛ ጊዜ ይመለሳል። እያንዳንዱ ማረጋገጫ ፍርሃቱን ያጎርሰዋል፤ የጎረሰ ደግሞ ያድጋል። ካርድም እንዲሁ ነው። «ፀሐይ» የሚባለው ካርድ እስኪወጣ መበወዝ ፍርሃትን መጋፈጥ አይደለም፤ ከፍርሃት መሸሽ ነው፣ በሥዕል አጊጦ። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ገብቼበታለሁ። አንድ ምሽት አሥራ አንድ ጊዜ አወጣሁ። ሲነጋጋ ካርዶቹን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ለሁለት ወር እንዳትመልስልኝ አደራ አልኳት። አሁን ለአንድ ፍርሃት በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የማወጣው። የወጣው ወጣ። እጅሽ አልታዘዝ ካለሽ ተዪው። ለአንቺ የሚሆን መሣሪያ አይደለም፤ ምንም ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ ካርዱ ተገልብጦ ሲወጣስ?

መልስ፦ አቀናዋለሁ።

ጥያቄ፦ ምን እንደሚወጣ አለማወቁ ራሱ ያስፈራኛል። ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ አለ፤ እንዲያውም ለጀማሪ የምመርጠው እሱን ነው። ሁሉንም ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገሽ ዘርጊያቸው። ቀስ ብለሽ እያየሽ ልታዪው የማትፈልጊውን አንዱን አንሺ። ቀጥሎ፣ እዚያ ካርድ ላይ ካለው ሰው አጠገብ ብታስቀምጪው የሚረዳውን ሌላ ካርድ ፈልጊለት። አንዱ ሰው ግንቡ በመብረቅ ሲመታ የሚያሳየውን አንሥቶ አጠገቡ «ብርታት» የሚባለውን ካርድ አኖረ። አንዲት ሴት የአንበሳ አፍ በእርጋታ ስትይዝ የሚታይበት ነው። «ለምን እሷን?» ስለው «አትጮህም» አለኝ። ጩኸት የበዛበት ቤት ነው ያደገው። ዕጣ የለ፣ ትንቢት የለ፤ ምርጫው ብቻ ነገረን።

ጥያቄ፦ ኃጢአት አይደለም ወይ?

መልስ፦ የሃይማኖት አባት አይደለሁምና ፍርድ አልሰጥም። ሃይማኖትሽ ከከለከለሽ ወይም ሕሊናሽን ከቆረቆረሽ ተዪው። ፍርሃት ለማቅለል ተብሎ የጸጸት ሸክም አይጨመርም። ጥያቄዎቹን ግን ውሰጃቸው። በማንኛውም ሥዕል፣ ያለ ሥዕልም፣ ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ የትኛውን ዓይነት ካርድ ልግዛ?

መልስ፦ በ1909 ለንደን የታተመውን፣ ራይደር ዌይት የሚባለውን። ከዚያ በፊት በአብዛኞቹ ላይ ዘጠኝ ሰይፍ ማለት ዘጠኝ ሰይፍ ብቻ ነበር፤ ሰው የለበትም፣ ታሪክ የለበትም። እንደ ዘጠኝ ሰይፍ ባሉት ባለ ቁጥር ካርዶች ላይ ሰው እያስገባች የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። መጠሪያው ግን የአሳታሚውንና የጸሐፊውን ስም ይዞ የእሷን ዘለለ። ይህ ሁሌም ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ አንዱ ካርድ አንባቢ «ድግምት ተሠርቶብሻል፤ ከፍለሽ ማስፈታት አለብሽ» አለኝ። ልክፈል?

መልስ፦ አንድ ሳንቲም እንዳትከፍዪ። የከፈልሽ ቀን ሁለተኛ ድግምት ይገኝብሻል። ስልኩን አጥፊበት፤ ለምታምኚው ሰው ንገሪ።

ጥያቄ፦ ከደረሰብኝ ጥቃት በኋላ ድንገት ልቤ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እንደገና እየሆነ ይመስለኛል። ካርድ ይረዳኛል?

መልስ፦ ብቻሽን ሆነሽ በካርድ አትጀምሪው፣ እባክሽ። እንዲህ ያለው ነገር በሥዕል ሲነካካ ሊባባስ ይችላል። ወደ ሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሂጂ፤ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ፣ የሚሠራ ሕክምና አለ። ራስሽን መጉዳት የሚያስብሽ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ፣ አሁን፣ ለቅርብ ሰው ንገሪና ሐኪም ቤት ይውሰድሽ። በደረሰብሽ በጣም አዝናለሁ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ። አንቺስ፣ ስልኩን መፍራት ተውሽ?

መልስ፦ አልተውኩም። አሁንም ሌሊት ሲጮህ እደነግጣለሁ። ድሮ ግን እስኪዘጋ እያየሁት እንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን አነሣዋለሁ። ባለፈው ወር ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጮኸ። አነሣሁት። ሰክሮ ቁጥር የተሳሳተ ሰው ነበር። «ፍቅር ነሽ?» አለኝ። «አይደለሁም» ብዬው ተኛሁ።