ኤሌክትሪክ ምጣድ ሲያስቸግር፦ ጥያቄና መልስ

በምጣድ ጥገና ሥራ ላይ ያለሁ ኤሌክትሪሺያን እንደመሆኔ፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ምጣዱን ከመፍታት በፊት ስፒናውን መንቀልና ሸክላው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ የሁሉም መልስ መነሻ ስለሆነ ደጋግሜ አልጽፈውም።

ጥያቄ፦ ጠዋት ስጋግር እንጀራዬ ዓይኑ ያምራል፤ ማታ ግን ያው ሊጥ ነጭና ድፍን ይሆንብኛል። ምጣዱ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ የሚደርሰው ኃይል ነው ያነሰው። ሠፈሩ ሁሉ እራት በሚያበስልበት ሰዓት የመስመሩ ቮልቴጅ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ፣ ብዙ ሰው ሙቀቱም በዚያው ልክ ትንሽ የሚቀንስ ይመስለዋል። ነገር ግን የሬዚስታንስ (ከሸክላው ሥር ያለው የሚግለው ጥምዝምዝ ሽቦ) ኃይል የሚወሰነው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ 3500 ዋት የነበረው ምጣድ ወደ 2340 ዋት ገደማ ይወርዳል፤ የሙቀቱ አንድ ሦስተኛ ጠፋ ማለት ነው። ዓይን የሚፈጠረው ከሊጡ ሥር የሚነሣው እንፋሎት ላዩ ሳይረጋ ፈጥኖ በስቶ ሲወጣ ስለሆነ፣ ምጣዱ ለብ ብቻ ካለ ሊጡ ሳይበሳ ይደርቃል። ከቻሉ ጠዋት ይጋግሩ፤ ካልሆነም አንዱን እንጀራ አውጥተው ሌላውን ከማስፋትዎ በፊት አክንባሎውን ከድነው ሁለት ደቂቃ ይታገሱ። ሬዚስታንሱን በማሳጠር ኃይል ጨምር የሚል ምክር ከሰሙ ግን አይቀበሉት፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ካለው መልስ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ሬዚስታንሱ ተቃጥሎ አንድ ጥገና ቤት አሠርቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ እንጀራው በአንድ በኩል ያርራል፤ በወሩም እንደገና ተቃጠለ።

መልስ፦ የተቃጠለውን ቁራጭ አውጥተው ቀሪውን በፒንሳ አጠማዝዘው የቀጠሉት ይመስለኛል። ይህ በሙያችን የተለመደ አቋራጭ ነው፤ እኔም በጀማሪነቴ ሠርቼዋለሁ፣ ደንበኛዬም ምጣዱን ተሸክማ ተመልሳ መጥታለች። የሬዚስታንስ ሽቦ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ሲሆን፣ ርዝመቱ በ10 በመቶ ሲያጥር የሚስበው ጅረት በ11 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በዚያ ላይ ለረጅም ጊዜ የጋለ ሽቦ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰባሪ ስለሚሆን፣ የተጠማዘዘው መጋጠሚያ ላልቶ ይግላል፣ መጀመሪያ የሚቃጠለውም እሱ ነው። በአንድ በኩል ማረሩ ደግሞ ጥምዝምዙ እኩል አለመሳቡን ያሳያል፤ ቀለበቶቹ በተጠጋጉበት ቦታ ሙቀት ይከማቻል፣ በተራራቁበት ይሳሳል።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። አሮጌው ሬዚስታንስ ሙሉ በሙሉ ይወጣና በሸክላው ሥር ያለው ጠመዝማዛ ቦይ በሲባጎ ይለካል፤ ሲባጎው መሬት ላይ ተዘርግቶ አዲሱ ሬዚስታንስ በዚያው ርዝመት ልክ ወጥ ሆኖ ከተሳበ በኋላ ብቻ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ቦዩ ውስጥ እያስገቡ መሳብ ነው ሥራውን የሚያበላሸው። ጫፎቹ ከመዳብ ገመድ ጋር የሚገናኙት ከሙቀቱ ራቅ ብሎ በቡሎን ተጠብቀው መሆን አለበት፤ ናስትሮ በዚያ ቦታ ይቀልጣል። በመጨረሻም ሁለቱ ጫፎች በቴስተር ሲለኩ፣ ለ220 ቮልትና ለ3500 ዋት የተሠራ ምጣድ 14 ኦም አካባቢ ማሳየት ይኖርበታል። ከ12 በታች ካነበበ ሽቦው አጥሯል ማለት ነውና አይረከቡት።

ጥያቄ፦ ስፒናው ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸታል።

መልስ፦ እንዲህ ያለው ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሠላሳ እንጀራ ለመጋገር ሁለት ሰዓት ያህል ሲሠራ፣ የላላ ሶኬት ወይም ማከፋፈያ አይችለውም። ስፒናውን ብቻ መቀየር ትርፉ ድካም ነው፤ ሶኬቱም አብሮ ይቀየር። ከሁሉ የሚሻለው ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሣ፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ያለው የምጣድ ብቻ መስመር ነው።

ጥያቄ፦ ክረምቱን ሳልጋግርበት ቆይቼ ሰሞኑን ሰክቼው ስወለውለው እጄን ነዘረኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሸክላውና ሬዚስታንሱ የተሸፈነበት ጄሶ እርጥበት ይመጥጣሉ፤ የረጠበ ሸክላ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ለጥቂት ቀናት ጠንካራ ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ይሁን እንጂ መንዘሩ ሌላም ነገር ይናገራል፤ ቢጫና አረንጓዴው የግራውንድ ገመድ ከላሜራው ጋር አልታሠረም፣ ወይም ሶኬቱ ግራውንድ የለውም። ይህ በባለሙያ ሳይስተካከል፣ ቢደርቅም እንኳ አይጋግሩበት።

ጥያቄ፦ አዲስ ምጣድ ነው፤ እንጀራው እየያዘ ይቀደድብኛል።

መልስ፦ በደንብ አልተሟሸም። በመጠነኛ ሙቀት አሙቀው የተወቀጠ ጎመን ዘር በማሰሻ ያሹት፤ ላዩ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ይደጋግሙት። ሳሙና አያስነኩት።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ምጣድ ጨርሶ አይግልም።

መልስ፦ የተለመደው የአሜሪካ ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ፣ 3500 ዋቱ ምጣድዎ 1040 ዋት ገደማ ብቻ ያገኛል፤ በዚያ ሙቀት ሊጥ ይደርቃል እንጂ እንጀራ አይሆንም። የልብስ ማድረቂያ የሚሰካበት የ240 ቮልት መስመር በተቃራኒው ከታሰበለት 19 በመቶ ያህል አብልጦ ስለሚያግለው፣ ሬዚስታንሱ ለ240 ቮልት በተሠራ ካልተቀየረና መስመሩን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ካላዘጋጀው አልመክርም። ለቤተሰብ ፍጆታ ከሆነ፣ ለ120 ቮልት የተሠራው አነስተኛው ምጣድ ይሻልዎታል፤ እንጀራው ያንሳል እንጂ ዓይኑ አይጎድልም።

ጥያቄ፦ ሸክላው መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ። በጄሶ ቢደፈን ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፤ ሊጥና ውሃ በስንጥቁ አልፎ ሬዚስታንሱ ላይ ይደርሳል። ሸክላው ይቀየር። አሮጌው ሬዚስታንስ ከጄሶው ሲላቀቅ ስለሚሰበር የአዲሱን ዋጋ አብረው ያስቡ፤ ላሜራው፣ እግሩና አክንባሎው ግን ደኅና ከሆኑ ለአዲሱም ያገለግላሉ። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ፈስሶበት እንደሆነም ያስታውሱ፤ ወደ እኔ ከሚመጡት ስንጥቆች ብዙዎቹ የሚጀምሩት እንዲሁ ነው።