መኪናዋ ደጅ፣ ጆንያው ጋራዥ

«ጋሼ፣ ቤታችን ለገጣፎ ነው። ጋራዡ 3 ሜትር በ5 ሜትር ነው፤ ቪትሳችን ግን አንድ ቀን ገብታበት አታውቅም። ጀሪካን፣ የጤፍ ጆንያ፣ ከግንባታ የተረፈ ሲሚንቶና ሴራሚክ፣ አሮጌ ሶፋ፣ የልጆች ሳይክል ሞልቶታል። አምና መደርደሪያ አሠርተን ግድግዳው ላይ በፊሸር (ብሎን በሚይዘው የፕላስቲክ ማጥበቂያ) አስመታን። ሁለት ወር ሳይቆይ ከነፊሸሩ ተነቅሎ ወደቀ። ረዘም ያለ ፊሸር ልግዛ ወይስ ሌላ መላ አለው?»

እህቴ፣ እንኳን ሰው ላይ አልወደቀ። ረዘም ያለ ፊሸር አትግዢ። ጥፋቱ የፊሸሩ አይደለም፣ የግድግዳው ነው።

ግድግዳሽ ብሎኬት ነው። ብሎኬት ደግሞ ሆዱ ባዶ ነው። የፊት ገጹ ውፍረት ከ3 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ 6 ሳንቲ ሜትር ፊሸር ስትከቺበት ግማሹ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በዚያ ላይ አብዛኛው ሠራተኛ ትራፓኖውን፣ ማለትም መብሻ ማሽኑን፣ እየመታ እንዲበሳ በመዶሻው አድርጎ ነው የሚበሳው። ያ ለኮንክሪት ነው እንጂ ለብሎኬት አይደለም። ከውጭ የምታዪው ቀዳዳ ትንሽ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ገጹ ተፈረካክሷል። ለፎቶና ለሰዓት ይበቃል። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ግን ለብቻው 20 ኪሎ ነው። ሦስቱን 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት በወጣ መደርደሪያ ላይ ስትደረድሪ ግድግዳውን ቁልቁል ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትም ይጎትቱታል።

መላው ክብደቱን ወለሉ እንዲሸከመው ማድረግ ነው። ማለትም በራሱ እግር የሚቆም የብረት መደርደሪያ።

ብየዳ ቤት ከመሄድሽ በፊት ግን ጋራዡን ባዶ አድርጊው። ሙሉ በሙሉ። ዕቃው መሀል ቆሞ መደርደሪያ የሚያሠራ ሰው ለቆሻሻው ቤት እየሠራለት ነው። ክረምት ሳይገባ አንድ ቅዳሜ ሁሉንም ግቢ አውጪው። ሶፋውን ለሚፈልግ ስጪ። ብረታ ብረቱንና ጠርሙሱን ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈው ልጅ ይወስደዋል። በነገራችን ላይ እሱ የሚወስደው ብረት ብዙው ምናለሽ ተራ ገብቶ ምድጃና ማንኪያ ሆኖ ይወጣል፤ ጣልኩት ብለሽ አትዘኚ።

ከግንባታ የተረፈው ላይ ነው ሰው የሚቸገረው። «ሰርቪስ ስንሠራ ይጠቅመናል» ይባላል፤ ሰርቪሱ አምስት ዓመት ይቆያል። ሲሚንቶው ከሦስት ወር በላይ ከቆየና በእጅሽ ስትጨብጪው የማይፈርስ ጓል ከሠራ፣ ለኮለንም (ለኮንክሪት ምሰሶ) ለቢምም (ለአግዳሚው ኮንክሪት) አይሆንም። አውጪው። ሴራሚኩን ግን አንድ ካርቶን አስቀሪ። ከዓመታት በኋላ አንዱ ሲሰበር ያንኑ ቀለም ገበያ ላይ አታገኚውም። ቀለምም ከሆነ የቆርቆሮው ላይ ያለውን ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺና የደረቀውን ጣይ።

አሁን ሜትር ያዢ። የቪትስ ወርድ ወደ 1.70 ሜትር ነው። ከ3 ሜትሩ ሲቀነስ 1.30 ይቀርሻል። በሹፌሩ በኩል ለበር መክፈቻ 70 ሳንቲ ሜትር ተዪ። በሌላው በኩል 60 ቀረ። መደርደሪያው 40 ቢወስድ ለስፖኪዮ 20 ይተርፋል። ጋቢና የሚቀመጠው ሰው ግን መኪናዋ ከመግባቷ በፊት ውጭ ይውረድ። ሌላ መንገድ የለም።

ለብየዳ ባለሙያው እንዲህ በይው፦ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 1.20፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ባለ አራት ደርብ። 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር። ባለ 6 ሜትር 4 ዘንግ ይበቃዋል፤ በየደርቡ መሀል ለሚገባው ድጋፍ ጭምር። አምስተኛ ዘንግ ካስገዛሽ ትራፊው የት እንደሄደ ጠይቂው። ከእግሮቹ ሥር 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ (ጠፍጣፋ ብረት) ይበየድበት፤ ቱቦላሬው ወለሉን እንዳይበላው። ፀረ ዝገት ቀለሙ የብየዳው ጠባሳ በደንብ ተፍቆ ከጠራ በኋላ ይቀባ። ከላይ ቺፑድ አታልብሺው። የክረምት እርጥበት ጠጥቶ እንደ ዳቦ ያብጣል። 18 ሚሊ ሜትር ኮምፖርሳቶ ወይም ጣውላ ይሻላል።

የመጀመሪያው ደርብ ከወለል 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ዝናብ በበሩ ሥር ሲገባ ዕቃሽ አይነካም፣ መጥረጊያም ይገባል። ላይኛው ጫፍ ደግሞ በአንድ ብሎን ይታሰር፤ ልጆች መሰላል ማድረጋቸው አይቀርም። ብሎኑ ብሎኬት ላይ ሳይሆን ኮለን ላይ ይግባ። ኮለኑ ማዕዘኑ ላይ ነው፤ ግድግዳውን በመዶሻ ቀስ እያልሽ ነካ ነካ አድርጊ። ብሎኬቱ ቧ ይላል፣ ኮለኑ ድፍን ድምፅ አለው።

ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። ጤፉን ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ገልብጪው፤ አይጥ ጆንያ አይከብዳትም። ሳይክሎቹን ስቀያቸው፣ ግን ኮለን ወይም ቢም ላይ።

ከጀሪካኖቹ ውስጥ ቤንዚን የያዘ ካለ ግን ዛሬውኑ አውጪው። የነዳጅ ማደያው ሰልፍ ያሰለቻል፣ ይገባኛል። ቢሆንም የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለል ለወለል ይሄዳል። በእኛ ሰፈር ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ብዙ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሶኬቱ ሲነቀል የሚፈነጥቀው እሳት ይበቃዋል።

ሁሉም ሲያልቅ ከሞራሌ (ከወፍራም የእንጨት ዘንግ) አንድ ሜትር ቁረጪና የፊት ጎማው መቆም ያለበት ቦታ ላይ ወለሉ ላይ አስመቺ። ወለሉ ኮንክሪት ስለሆነ እዚህ ፊሸር ይሠራል። ያኔ ባለቤትሽ በጨለማ ሲገባ ጎማው ነክቶት ይቆማል፤ አዲሱን መደርደሪያ ሳይነካ።