ኑጉ አብቦ ፍሬው ለምን እምቢ አለ?

ጥያቄው ከምሥራቅ ጎጃም የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ኑጌ ዘንድሮም ማሳውን ቢጫ አልብሶት ነበር። አሁን ራሱን አሽቼ ሳየው ግን ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ዘር ቀየርኩ፣ ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ ወይ ፍንክች። ድሮ ከዚሁ ማሳ የዓመት ዘይታችን ተርፎ እንሸጥ ነበር። ንቦቼም አልቀው ሁለት ቀፎ ብቻ ቀርቶኛል፤ እሱ እንኳ ሌላ ጣጣ ነው።»

ጋሼ፣ ሌላ ጣጣ አይመስለኝም። መልሱ ያለው መጨረሻ ላይ ጣል ባደረጓት ነገር ውስጥ ነው።

ጤፍ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ንብ መጣ አልመጣ ደንታም የለው። ኑግ ግን የራሱን የአበባ ዱቄት አይቀበልም፤ ከሌላ የኑግ እግር መምጣት አለበት፣ ያንን ደግሞ በዋናነት የሚያመላልሰው ንብ ነው። አንድ ዘግይቶ ያበበ የኑግ ራስ ካገኙ ቀጥፈው ጠጋ ብለው ይዩት። መሃሉ ላይ ጥቅጥቅ ብለው የቆሙት ትናንሽ ነገሮች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። በአንድ ቀን አይከፈቱም። ከዳር ጀምረው ወደ መሃል፣ ለሳምንት ያህል ተራ በተራ ነው። ዱቄቱ የደረሰው አንድ ጥቁር ፍሬ ይይዛል፣ ያልደረሰው ገለባ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ንብ አንድ ቀን ብቅ ብሎ መሄዱ አይበቃም፤ ተመላልሶ መምጣት አለበት። ማዳበሪያ ይህን ሥራ አይሠራም። በከንቱ ነው ያወጡት፣ ይቅርታ።

ታዲያ ንቦቹ የት ገቡ? ንብ ቀለብ ፍለጋ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ያ ማለት ቀፎዎ የሚበላው ከእርስዎ ግቢ ብቻ ሳይሆን ከመላው ቀበሌ ነው። የጎረቤትዎ አተር ላይ ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ወጥቶ አበባው እንደፈነዳ ረፋድ ላይ ቢረጭ፣ መድኃኒቱ የእርስዎ ቀፎ ደጃፍ ላይ ይታያል። ምልክቱን ልንገርዎት፤ ቀፎው በር ሥር ንቦች ክምር ብለው ሞተው ካገኙ፣ ምላሳቸው ወጥቶ ከቀረ፣ ያልሞቱትም መብረር አቅቷቸው መሬት ላይ እየተንቀጠቀጡ የሚድሁ ከሆነ፣ መርዝ ነው ብለው ይጠርጥሩ። ጉንዳን ሲገባበት ወይም ቀለብ ሲያጥረው ግን ብዙ ጊዜ ንቡ ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል፣ የሞተ ክምር አያዩም።

ሁለተኛው ነገር ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። በነሐሴ ጤፍና ስንዴ ላይ የምንረጨው ቱ ፎር ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ሁሉ ያጠፋል። ከሚያጠፋው ውስጥ መጭና አደይ አበባ አሉበት፣ ገና ሳያብቡ። ንቡ ከክረምቱ እርሃብ ወጥቶ በመስከረም የሚያገግመው በነሱ ነበር። ሳያገግም ጥቅምት ይደርስና ኑጉ ያብባል፤ ቀፎው ውስጥ ግን የሚላክ ሠራተኛ የለም። በእርግጥ አረም መድኃኒት አትጠቀሙ ብዬ አልፈርድም። ጤፍ ማረም ስንት ጉልበት እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ግን ማሳው ውስጥ ያለውን ረጭተን፣ እግረ መንገዳችንን ወሰኑን፣ የቦዩን ዳርና የአጥሩን ሥር የምንረጨው ለምንድነው? እዚያ ያለ መጭ ጤፉን ምን አደረገው?

ስለዚህ ለከርሞ እንዲህ ያድርጉ። ወሰንና ቦይ ዳር ያለውን አበባ አይንኩት። ሁለቱን ቀፎዎች ከኑጉ ማሳ አጠገብ፣ ሰውና ከብት ከማይተላለፍበት ጥግ ያስጠጓቸው። በአጥሩ ላይ ሰንሰል፣ ከጓሮ ግራዋ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ኑጉ ካለፈ በኋላም ንቡ የሚቀምሰው አያጣም። ጎረቤትዎን ደግሞ ቡና ጠርተው ያናግሯቸው። አበባ ላይ ያለ ሰብል እንዳይረጩ፣ የግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ አመሻሽ ላይ እንዲሆንና ቀድመው እንዲነግሩዎት። በክስ አይጀምሩት። የሳቸውም ባቄላ ንብ ሲያገኝ የተሻለ ይይዛል፣ ይህን ይንገሯቸው።

ኑጉ ሲያብብ ፀሐዩ ሞቅ ካለ በኋላ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ፣ ማሳው ዳር ትንሽ ቁጭ ይበሉ። ጥላ ይያዙ። ንብ ሲመላለስ ዓይንዎ ካልያዘና ድምፁም ካልተሰማዎት ችግሩን በዓይንዎ አዩት ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ዛሬውኑ ያድርጉልኝ። ከማሳው የተለያየ ቦታ የኑግ ራስ ለቅመው በጥፍርዎ ይፈልቅቋቸው። ውስጡ ትንሽ ነጭ ትል ካለ ጥፋተኛው የኑግ ዝንብ ነው፣ የንብ ጉዳይ ሁለተኛ ይሆናል። ያን ጊዜ ናሙናውን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሳዩና የተባለዎትን ይጻፉልኝ።